እስከ ጁምዓ መልስልኝ

ያለፉት ሳምንታት ያመለጧችሁ አትጨነቁ፤ ታሪኩ አጭር ነው፣ የረዘመው መንገዱ ነው። ስሜ ኢልሀም ይባላል። የዓይን ነርስ ነኝ። ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ ተማርኩ፤ እዚያው በአንድ የግል ክሊኒክ ስሠራ ቆየሁ። አምና መስከረም ላይ ለሦስት ወር የበጎ ፈቃድ ሥራ ከወሎ ቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ወደምትርቀው ዋንዛ በር ሄድኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ስለወጣሁበት ቀን ነው።

ችኩል ነኝ። ይህን ደብቄ ታሪኩን ብነግራችሁ አይገባችሁም። ሻይ ሳይበርድ የምጠጣ፣ ሰው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የምጨርስለት ሴት ነኝ። ችኮላውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ሷሊህ ደሴ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ለገዛ ወንድሙ ሰርግ እንኳ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከደጎሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። የበጎ ፈቃዱን ነገር ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። "እኔ ከገጠር የወጣሁት ልጄን ወደ ገጠር ልመልስ አይደለም" አለ። ለሦስት ወር ብቻ ነው ብዬ ምዬ ተገላገልኩ።

እቅዴ በቀን አርባ ሰው ማየት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስድስት አየሁ። ጤና ኬላው በር ላይ ወረፋው ሞልቷል፤ ግን የገባው ሁሉ ሰላምታ አለው። እንዴት አደርሽ፣ ሀገሩ ደህና፣ እናት ደህና፣ ደሴ ዝናብ ጣለ ወይ፣ አባትሽ የማን ልጅ ናቸው። አባቴ የደጎሎ ሰው ነው ካልኩማ አለቀልኝ፤ የአያቴን ስም ሳልናገር የሚለቀኝ አልነበረም። ሰዓቴን እያየሁ ስቁነጠነጥ ዋልኩ።

የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንዲት ሴት የጎረቤቷን ልጅ ሰርግ ስታወጋኝ ቆየችና "ሙሽራዋን አላየኋትም፤ ድምጿን ነው የሰማሁት" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ የሰርጉ ወሬ መቼ ያልቃል እያልኩ ነበር። ዓይኗን ስመለከት ሁለቱም በሞራ ተሸፍነዋል። አዲስ አበባ ክሊኒኩ ውስጥ ብትሆን "ምንሽን አመመሽ" ብዬ ጠይቄ፣ "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ያሳክከኛል" ብላኝ በሦስት ደቂቃ ጠብታ ሰጥቼ እሸኛት ነበር። ሕመማቸውን የሚነግሩኝ በሰላምታው ውስጥ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የማልሰማው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓቴን ፈትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሌላም ተማርኩ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ባለበት እንደሚቀመጥ፣ ተቀምጦም ዝም ማለት እንደሚቻል፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተቆጣ እንዳልሆነ። ያረፍኩት እማማ ብርሀንነሽ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር፤ ማታ ማታ እግሬን በሙቅ ውሃ አጥበው "ዛሬ የቀረውን ነገ እግዜር ያውቃል" ይሉኝና ያስተኙኛል። እንደዚያ ሰሞን እንቅልፍ ጠግቤ አላውቅም። ጠዋት ስነቃ ምክንያቱን ሳላውቅ አልሀምዱሊላህ የምልበት ጊዜ ነበር።

እንዲህ ስላችሁ ግን ሁሉንም ያስተማረኝ ሰላምታውና ዝናቡ እንዳይመስላችሁ። ሁዜይፋ ነበረ።

ቀበሌው መንገድ የሚያውቅ ሰው ብሎ የሰጠኝ እሱን ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ቃል ከአፉ ተመርጦ ተመርጦ የሚወጣ ሰው። ጠዋት እርሻው ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከአባቱ ጋር ቁርአን ያስቀራል። በመካከሉ የእኔን የዓይን መለኪያ ሰሌዳ ተሸክሞ ከመንደር መንደር ይመራኛል። "ሲስተር" ነው የሚለኝ። ሰሌዳውን ዛፍ ላይ ይሰቅልና ታካሚው ርቆ የሚቆምበትን ስድስት ሜትር በእርምጃው ይለካል። አንድ ቀን ላሳፍረው ብዬ በሜትር ብለካው፣ ልክ ስድስት ሜትር ሆኖ አገኘሁትና እኔው አፈርኩ።

አባቱ ሼህ ሰዓድ ኪታብ ማንበብ ካቆሙ አምስት ዓመታቸው ነበር። ዓይኔን የሰጠኝ ጌታ መልሶ ወሰደው ብለው ተቀብለውት፣ ደረሳዎቻቸውን በቃላቸው ያስተምራሉ። ስመረምራቸው ከእርጅና በቀር ምንም የለባቸውም፤ መነጽር የሚያቃናው ነገር ነው። ያን ዕለት ሁዜይፋ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ግራ ዓይናቸውን በመዳፉ ሸፈነልኝ። እኔ ከፊት ሆኜ የመሞከሪያውን መነጽር መስተዋት እቀያይራለሁ። ቀና ስል ከአባቱ ራስ በላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሱ አልሸሸም፤ እኔም አልሸሸሁም። ሼሁ "ምነው ልጆች፣ ጨረሳችሁ?" እስኪሉ ድረስ ምን እየሠራን እንደነበር ረስቼዋለሁ።

መነጽሩን ሲያደርጉ ኪታባቸውን ገለጡ። አንድ መስመር አነበቡ፤ ያንኑ መስመር ደገሙት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙልኝ። ዱዓው በጣም ረዘመ። እኔ ችኩሏ ያንን ሁሉ ቆሜ "አሚን" ስል፣ እንዲያልቅ ያልፈለግኩት የመጀመሪያው ረጅም ነገር እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሼሁ ፊታቸው የቀረበ ጽሑፍ አያመልጣቸውም። የሳሙና መጠቅለያ ያነባሉ፤ የማዳበሪያ ከረጢት ያነባሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሒሳብ ደብተር ሳይቀር ያነባሉ። መንደሩ በፍቅር ይስቅባቸዋል፤ እሳቸውም "የአምስት ዓመት ውዝፍ አለብኝ" ብለው አብረው ይስቃሉ።

ልመለስ ሃያ ቀን ሲቀረኝ ደብዳቤ ጻፍኩ። ዋንዛ በር ኔትወርክ የለም። ያላገባ ወንድና ያላገባች ሴት ብቻቸውን ቁጭ ብለው የሚያወጉበት ቦታም የለም። ሰው ፊት ደግሞ ሁዜይፋ ስለ መንገድና ስለ ዝናብ ካልሆነ አይናገርም። እንዴት እንደሚያየኝ ግን አውቃለሁ፤ ሴት ይህን ታውቃለች። በአምስት ደቂቃ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት።

"እንዴት ሰነበትክ። እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልም። አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ሥራ አለ፤ ጥሩ ሥራ ነው። መካነ ሰላምም የዓይን ነርስ እንደሚፈልጉ ሰምቻለሁ። እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ብቀር ደስ ይለኛል፤ ያ ነገር ደግሞ አንተ ነህ። ከፈለግከኝ እስከ ጁምዓ መልስልኝ። ካልፈለግከኝም ንገረኝ፣ አልቀየምም። ዝም ግን አትበለኝ። ኢልሀም።"

አልቀየምም ያልኩት ውሸቴን ነው። የእሱን ስም አልጻፍኩበትም፤ ሰው እጅ ቢገባ ብዬ። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ለታላቅ እህቱ ለዘሊካ ሰኞ ዕለት በእጇ ሰጠኋት። ዘሊካ ያገባች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሚስጥር የምትይዝ ሴት ናት። ሳትጠይቀኝ ጉያዋ ከተተችው።

ጁምዓ መጣ። ከሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ አለፍኩ፤ ከዚያ ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ተመልሼ አለፍኩ። ሁዜይፋ እንደ ወትሮው አንገቱን ዝቅ አድርጎ "ሲስተር፣ ደህና ዋልሽ" አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ቅዳሜም፣ እሑድም እንዲሁ። ሰሌዳዬን ይሸከማል፤ እርምጃውን ይለካል፤ ገደል ሲሆን እጁን ይዘረጋልኛል። ያንን እጅ መያዝ ተውኩ። ለምን እንደተውኩ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይበልጥ ነደድኩ። ዝም አትበለኝ ብዬ የለመንኩትን አንድ ነገር እንኳ እንዴት ይነፍገኛል እያልኩ ማታ ትራሴን አረጥብ ነበር።

የምሄድበት ቀን ደረሰ። እማማ ብርሀንነሽ ጉንጬን ስመው ስመው አልጠግብ አሉ። ያቺ የሰርጉን ወሬ ያወጋችኝ ሴት ቀዶ ሕክምናዋን ጨርሳ ተመልሳ ነበር፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ለእነሱ ያደረግኩት ትንሽ ነው፤ እነሱ ለእኔ ያደረጉልኝን መቼም ከፍዬ አልጨርሰውም። ሼህ ሰዓድ ግን አልነበሩም። ዘመድ ጥየቃ ብለው ከአያ ፈንታው ጋር ወጥተው ገና አልተመለሱም አሉኝ። አያ ፈንታው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ለሽምግልናም ለለቅሶም ተለያይተው ሄደው አያውቁም። ሼሁን ሳልሰናበት መሄዴ ከፋኝ።

ሁዜይፋ ሻንጣዬን በበቅሎ ጭኖ ሊሸኘኝ ተነሳ፤ ዘሊካም ለወጉ አብራን ወጣች። አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። የስንዴው ማሳ ለአጨዳ ደርሷል፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር። እኔ አላለቅስም ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ። አንድ ዳገት ጫፍ ላይ በቅሎዋን ሊያሳርፍ ሲቆም፣ ያ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ።

"ቢያንስ አልፈልግሽም ማለት ያቅትሃል?" አልኩት። "ዝም አትበለኝ ብዬ ጽፌ ነበር እኮ።"

ሁዜይፋ ዞሮ አየኝ። "ምን ጽፈሽ?"

ሰው ሲዋሽ አውቃለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ ጠብታዬን አድርጌያለሁ እያለ የሚዋሸኝ ብዙ ነው። ይህ ሰው አልዋሸም። ሁለታችንም ዘሊካን አየናት። ዘሊካ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ወላሂ በአደራ ነው ያስቀመጥኩት" አለች። "ሁዜይፋ ማታ የሚያየው ኪታብ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ። ያ ኪታብ አምስት ዓመት ሙሉ ከሱ በቀር የሚገልጠው አልነበረም።" ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። "መነጽሩን ረሳሁት። አባ ናቸዋ አሁን የሚያነቡት።"

 ከፈለግከኝ መልስልኝ ያልኩትን፣ ያ ነገር አንተ ነህ ያልኩትን፣ እኚያ የተከበሩ ሽማግሌ መስመር በመስመር ሲያነቡት ታየኝ። ስም ስላልነበረበት፣ ፊርማዬ ላይ እስኪደርሱ ድረስ የማን ወረቀት እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ፊቴን ሸፈንኩ።

ሁዜይፋ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። እህቱ ቆማ እያየችን እንደሆነ የረሳ ይመስለኛል።

"የጻፍሽው ምን ይላል?" አለኝ።

ነገርኩት። አንዱንም ቃል አላስቀረሁም፤ ማንበብ የሚገባው እሱ ነበርና። ጨርሼ ዝም ስል እሱም ዝም አለ። ቀድሞ ብሆን ያን ዝምታ በራሴ ቃል እሞላው ነበር። ያን ጊዜ ግን ጠበቅኩት። ዋንዛ በር ካስተማረችኝ ሁሉ የከበደኝ ያች ጥበቃ ናት።

"ከመስከረም ጀምሮ ልናገር ስል ነበር" አለ በመጨረሻ። "እንግዳ ነሽ። ለአባቴ ዓይን ሰጠሽ። ለዚያች ሴት፣ ለመንደሩ ሁሉ ሰጠሽ። ይህን ሁሉ ከሰጠሽ በኋላ፣ አሁን ደግሞ ራስሽን ስጪኝ ብል ነውር መሰለኝ።" ወደ ስንዴው ማሳ አየ። "እህሉ ይግባ፣ ቤት ልሥራ፣ ለከርሞ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።"

"ለከርሞ?" አልኩት። "አንድ ዓመት?"

"አንድ ዓመት ምን አላት፣ ኢልሀም?"

ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። ሲስተር ከሚለው ስም ውስጥ አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰበር የፈራ ያህል ተጠንቅቆ ጠራኝ። ያንን አንድ ቃል ለመስማት ሁለት ሳምንት ማልቀስ ካስፈለገ፣ አልቅሼ ነበርና አልቆጨኝም።

ዘሊካ ግን ሌላ ነገር እያሰላች ነበር። አባቷ ዘመድ ጥየቃ ብለው የተነሱት መቼ እንደነበር ጠየቀችው። ሁዜይፋ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የጁምዓን ሶላት እንደሰገዱ ነው አለ። ስንቅ እንኳ ሳይዙ አያ ፈንታውን ከቤታቸው ጠርተው በዚያው ወጡ። እሷም እኔም ተያየን። ጁምዓ። ሦስታችንም መንገዱን ቀጠልን፣ እኔ ግን እግሬ መሬት ስለመርገጡ እርግጠኛ አልነበርኩም።

መካነ ሰላም ሊደረስ ሲል ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ አለ። እዚያ ስንደርስ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። አባቴ ብዙ ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደወልኩ።

"የት ነው ያለሽው?" አለኝ። ድምፁ የአባቴ አይመስልም፤ ቀዝቅዟል፣ ለስልሷል። የደረስኩበትን ነገርኩት። "ቤቴ እንግዳ አለ" አለ ቀጥሎ። "ከቦረና የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው።"

ሁዜይፋም ዘሊካም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

አባቴ እየሳቀ ይነግረኝ ጀመር። አንዱ ሼህ ናቸው፤ የሱቁን ካርቶን ሁሉ አንብበው ጨርሰዋል። አንዱ ክርስቲያን ናቸው፤ ስለ ደሴ ብርድ ያማርራሉ። አራት ቀን ሙሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ በሬ አውርተዋል። ለምን እንደመጡ ግን እስካሁን አልተናገሩም፤ እሱም እንግዳ ምን ፈለግህ ተብሎ አይጠየቅም ብሎ ዝም ብሏል። ሱቁን ከዘጋ አራት ቀኑ ነው። ይህን ሲል ራሱም የገረመው ይመስላል።

"ሦስተኛው ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?" አለኝ።  "የአባቴ ወንድም ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከቦረና ተነስተው ደጎሎ ድረስ ወርደው፣ የሷሊህ ዘመድ ማን ነው እያሉ ከቤት ቤት ጠይቀው፣ አጎቴን ፈልገው ይዘዋቸው መጡ። በማያውቁት ሰው አፍ አንመጣብህም፣ በራስህ ሰው አፍ ነው አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አላየኋቸውም ነበር፣ ኢልሀሜ። ኩርፊያችን በምን እንደነበር ሁለታችንም ረስተነዋል። እሳቸው በሩ ላይ ሲቆሙ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።"

እኔም አለቀስኩ። ያን ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ስለ ደጎሎም በደግ ቃል ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ስለ ደጎሎ ገብስ፣ ስለ አያቴ ቤት፣ ልጅ ሳለ ስለሚዋኝበት ወንዝ ይነግረኛል። እኔ በአምስት ደቂቃ የጻፍኩትን ወረቀት፣ ሼህ ሰዓድ ተሸክመውት ስንት ቀን ዞሩበት። ለልጃቸው ሳይነግሩ የወጡትም፣ አባቴ እምቢ ቢል ልጃቸው እንዳያፍር ነው፤ እኔም እንዳላፍር ነው። ደብዳቤዬን ያነበበብኝን ሰው እንደዚያ አመሰግናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከኮረብታው በታች ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ጥሩንባ ይነፋል። ሻንጣዬ ገና በቅሎዋ ላይ ነው። ዘሊካ ክንዴን ያዘችና ሹክ አለችኝ፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ልጅቱ ከበር አትገባም፣ ነገሩ እስኪያልቅ መካነ ሰላም የባሏ እህት ቤት እናድራለን አለችኝ። ስንት ቀን ብዬ አልጠየቅኳትም። ሁዜይፋ የበቅሎዋን ጭነት ያጠባብቃል።

"የመጡበትን ልቤ ጠርጥሯል" አለ አባቴ። "የአንቺ ስም በተነሳ ቁጥር ሼሁ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። እንግዲህ ዛሬ ከምሳ በኋላ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ ብዬ ልጠይቅና ነገሩ ይለቅ። አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ሁዜይፋን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ያን ዕለት ከአባቱ ራስ በላይ እንዳየኝ ሳይሸሽ።

"አባባ" አልኩት፤ "ተዋቸው። አታቻኩላቸው።"